የሚኒባሱን ሞተር ያጠብን ዕለት

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ከአንድ የመኪና ማጠቢያ ፊት ለፊት ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ ነጭ ጋዝ ያልቀዘቀዘ ሞተር ላይ ሲንጠባጠብ የሚወጣው ሽታ መጣብኝ። ታውቂው እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ አፍንጫን ይወጋል፣ ቆይቶ ምላስ ላይ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይተዋል። ታክሲው መጥቶ ቆመ፣ ረዳቱም ጠራኝ፤ እኔ ግን አልገባሁም። እግሬ ደሴ ቆሞ ልቤ ሐይቅ፣ የአባቴ ግቢ ውስጥ ነበር።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ ውሃው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ከግቢያችን ሆነሽ ውሃውን ሁሉ ታይዋለሽ፤ ከወዲያ ገዳሙ ያለበት ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ ከወዲህ ደግሞ ሸምበቆው። እኛ ሰፈር ሐይቁን «ባሕሩ» ነው የምንለው። አባቴ ከሐይቅ ደሴ፣ ገበያ ሲሆን ደግሞ እስከ ውጫሌ የሚመላለስበት አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነበረው። ያ ሚኒባስ ነው ያሳደገኝ ብልሽ አላጋነንኩም። የበላሁትም የለበስኩትም፣ የተማርኩበትም ደብተር ከእሱ የወጣ ነው።

አባቴ ሞተሩን ማንም እንዲነካበት አይወድም ነበር። በዓል ሲደርስ ሁልጊዜ፣ እኛ ሳንነሳ ከሱብሒ ሰላት መልስ ኮፈኑን ከፍቶ ራሱ በነጭ ጋዝ ያጥበዋል። እኔ ስነቃ ሥራው አልቆ፣ ሞተሩ ፀሐይ እየሞቀ፣ እሱ ደግሞ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ እጁን በአሸዋና በሳሙና ሲያሽ ነው የማገኘው። ምን ከምን አስቀድሞ እንደሚያደርግ አንዳችንም አይተነው አናውቅም። ምን አስጨነቀን? እሱ ነበረልን።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሊነሳ ሲል ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ግማሽ አካሉን መታው፤ ምላሱም አብሮ ታሰረ። ከሆስፒታል ስናወጣው በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ ይችል ነበር፣ መናገር ግን አይችልም። የቃሉ መጀመሪያ ብቻ ከጉሮሮው ፈንቅሎ ይወጣና እዚያው ይቀራል። «ው…» ካለ ውሃ ነው። «እ…» ካለ እናቴን ነው። የቀረውን እየገመትን እንኖር ነበር።

ሚኒባሱ ግቢ ቆመ። ሰው ሳይነካው ስለከረመ ከሞተሩ ሥር የሚንጠባጠበው ዘይት መሬቱን አጠቆረው። የአባቴ መድኃኒት እያለቀ ሲመጣ እናቴ ወንድሟን ከውጫሌ አስጠራች። አጎቴ መንጃ ፈቃድ አለው፣ የሰው መኪናም ነድቷል፤ ስለ ሞተር ግን ከእኛ የተሻለ ብዙ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። መጥቶ በማግሥቱ ሚኒባሱን ደሴ ለዓመታዊ ምርመራ ወሰደው። መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ አይቶ ወዲያው መለሰው። «ይኼ እኮ በዘይት የተነከረ ነው። ሰው ጭኖ እሳት ቢነሳበትስ? አጽዱትና የሚያፈስበት ታይቶ፣ ተደፍኖ ይምጣ» አለ። በሁለተኛው ቀን ተመለሱ ተባለ። ያ ካለፈ ወረፋው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም፤ አጎቴም እርሻውን ጥሎ ከዚያ በላይ መቆየት አይችልም።

እናቴ የዚያን ቀን ማታ ሰላቷን ስትጨርስ ከመስገጃዋ አልተነሳችም። «ያ ረቢ፣ ይህቺን መኪና ብቻ» ስትል ሰማኋት። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

በነጋታው ጠዋት ማጽጃ ፍለጋ እኔና አጎቴ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ባለ ሱቅ ሄድን። ባለ ሱቁ ከአባቴ ጋር ያደጉ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። ለሞተር ተብሎ የሚመጣውን በቆርቆሮ ያለ አረፋ ጠየቅናቸው፤ ካለቀ ቆይቷል። ነጭ ጋዝ ጠየቅናቸው።

«ነጭ ጋዝ ከገበያ ጠፍቷል ልጄ። እኔም ለፋኖሴ አጥቻለሁ» አሉ። ከዚያ ከመደርደሪያው ዱቄት ሳሙና አወረዱልን። «በፈላ ውሃ በጥብጣችሁ ቀቡት፣ ይራስ፣ በብሩሽ እሹት። ቀን ይፈጃል እንጂ ይለቃል። አብሽሪ።»

ቤት ስንመለስ የአባቴን የዕቃ ሳጥን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ውስጡ የዘይት ሽታ ያለው፣ በጣም በሥርዓት የተቀመጠ ሳጥን ነበር። ፀጉሩ ያለቀ የቀለም ብሩሽ፣ ለጠባብ ቦታ የሚሆኑ አሮጌ የጥርስ ብሩሾች፣ የታጠበ ቡትቶ፣ ተጣጥፈው በላስቲክ የታሰሩ ፌስታሎች፣ ከሳጥኑ እጀታ ጋር በሲባጎ የታሰረች አንዲት ትንሽ የብሎን ቁልፍ። አጎቴ ብሩሾቹን ወሰደና ፌስታሎቹን አየት አድርጎ ወደ ጎን ወረወራቸው። «የገበያ ፌስታል ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ። ቁልፏንም አልነካት። የሽቦ ብሩሽ ከጎረቤት ተዋሰ፤ «ያን የደረቀውን የሚልጠው እሱ ነው» አለ።

እናቴ ውሃ አፈላች። አባቴን በፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ደግፈን አውጥተን፣ የሚሆነውን እንዲያይ ከመኪናው ፊት አስቀመጥነው። ኮፈኑ ሲከፈት ፊቱ ሲበራ አይቻለሁ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ያለ ነገር ፊቱ ላይ አይቼ አላውቅም።

ሳሙናው ግን አልሆነልንም። ዘይቱ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ሬንጅ ደርቋል። እኔ በጥርስ ብሩሽ እየገባሁ፣ አጎቴ በቀለም ብሩሽ፣ እናቴ ቡትቶውን እያጠበች እየመለሰች ስንታገል የዙህር አዛን ተባለ። እጃችን ተላጠ፤ ጥቁሩ ነገር ካንዱ ቦታ ወዳንዱ ይዛወራል እንጂ አይለቅም። አጎቴ ብሩሹን መሬት ላይ ጣለው።

«እታለም፣ በዚህ ዓይነት እንኳን ነገ ሳምንትም አንደርስ» አላት እናቴን።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ባሕሩ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጎቴ ይህን ሲያይ ነው መሰለኝ፣ ወደ አስፋልቱ ወጣና ከአንድ ባለ ባጃጅ በውሃ ፕላስቲክ ቤንዚን ለምኖ መጣ።

ቤንዚኑን በቆርቆሮ ገልብጦ በብሩሽ ሲቀባው ያየነውን ብነግርሽ! ያ ጠዋቱን ሙሉ የታገለን ጥቁር ነገር እንደ ቅቤ ቀለጠ። ከሥሩ ብረቱ ወጣ፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ አዲስ። የሞተሩ ቁጥር ሳይቀር ተነበበ። ዘይቱ የሚያፈስበትን ቦታ አጎቴ በጣቱ አሳየንና «ይኸው ሌባው!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እናቴ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው ነበር።

አባቴ ግን አልሳቀም። «ባ…» አለ።

መጀመሪያ ማናችንም ልብ አላልነውም። «ባ… ባ…» እያለ በግራ እጁ የወንበሩን መደገፊያ ይመታ ጀመር። እናቴ ሮጣ ሄዳ አጠገቡ በርከክ አለች። ፊቱ በላብ ርሷል፤ ዓይኑ እኛን አልፎ ወደ መኪናው ነው።

«ምንድን ነው አባቷ? ውሃ ነው?» አለችው።

ራሱን በኃይል ነቀነቀ። «ባ! ባ!»

«ባሕሩን ነው» አለች እናቴ፣ በርኅራኄ። «ባሕሩን ማየት አምሮት ነው። ሽታውም አስጨንቆታል። ወይኔ፣ በቤንዚን አፈንነው እኮ።» ወንበሩን ከነአባቴ ከኋላ ያዘችና፣ በዚያ በደከመ ጉልበቷ እየገፋች አዞረችው። ጀርባው ለመኪናው፣ ፊቱ ለባሕሩ ሆነ። ትከሻውን በጋቢ አልብሳ «ይኸው፣ በደንብ እየው» አለችው። እሱ አሁንም «ባ» ይላል። አንገቱን ሊያዞር ይሞክራል፤ አንገቱ አይዞርለትም። ድምፁ እየሰለለ ሄደ። እኛም ወደ ሥራችን ተመለስን።

አጎቴ ከታች የቀረውን ለመላጥ የሽቦ ብሩሹን አስገባ። ጣ! የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሰማያዊ ብልጭታም አየሁ። ከዚያ አየሩ ራሱ ዉፍ ብሎ ተነፈሰ። ኮፈኑ ሥር የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ እሳት ሆነ።

አጎቴ እጅጌው እየነደደ ወደ ኋላ ወደቀ። እኔ ቡትቶ ይዤ እጁ ላይ ተረባረብኩ። እናቴ ጀሪካኑን አንስታ ውሃውን ሞተሩ ላይ ደፋችበት፤ እሳቱ ከነዘይቱ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ወደ ጎማዎቹ ወረደ። ጥቁሩ ጭስ ግቢውን ሞላው። ባለ ሱቁ ከዳገቱ ነጠላቸውን ጥለው ሲሮጡ፣ «ውሃ አይደለም! አፈር! አፈር በሉት!» እያሉ ሲጮሁ ትዝ ይለኛል። ጎረቤቱ ሁሉ በአካፋ፣ በሰፌድ፣ በእጁም አፈር እያፈሰ ሸፈነው። እሳቱ ሲጠፋ ከሞተሩ የቀረው የተቃጠለ ላስቲክ ሽታና የሽቦ ትብትብ ነበር።

አባቴን ያስታወስኩት ያኔ ነው። ዞር ስል ወንበሩ ተገልብጧል። እሱ በሆዱ ተኝቶ፣ በግራ ክርኑ መሬቱን እየቧጠጠ፣ ያን የማይሠራ ግማሽ አካሉን እየጎተተ ወደ እሳቱ እየመጣ ነበር። ጋቢው ከኋላው ቀርቷል። አፈር አፉ ውስጥ ገብቷል። ሁሉንም ነገር በጆሮው ብቻ ሲሰማ ቆይቶ ነው። ማን እንደነደደ፣ ማን እንደተረፈ አያውቅም። ፊቴን ሲያይ በግራ እጁ ያዘኝና ጉንጬን፣ ፀጉሬን፣ ክንዴን ዳሰሰ። ከዚያ ዓይኑ እናቴን ፈለገ።

አጎቴን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ባለ ሱቁ የጠሩት ሜካኒክ መጥቶ አፈሩን በእንጨት እየገፈተረ ወደ ሞተሩ አጎነበሰ። ቆይቶ ቀና አለ።

«ባትሪውን ሳትነቅሉ ነው እንዴ በቤንዚን ያጠባችሁት?»

«ባትሪ» ሲል አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በአቧራው ላይ መንገድ እየሠራ ወረደ።

እናቴ አየችው። ሜካኒኩን አየች፤ አባቴን አየች፤ ከዚያ የተገለበጠውን ወንበር። ጮኻ አላለቀሰችም። እዚያው ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ ያዞርኩት» አለች። «እየነገረኝ፣ በእጄ አዞርኩት።» ለካ ያቺ በሲባጎ የታሰረች ቁልፍ የባትሪው መፍቻ ኖራለች፤ አባቴ ሁልጊዜ ከሁሉ በፊት የሚያነሳት እሷን ነበር። ፌስታሎቹም ዲናሞውንና ሌላውን ውሃ እንዳይነካው የሚሸፍንባቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ሜካኒኩ ሳጥኑን ሲያይ ነገረን።

ሚኒባሱ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። የአጎቴ እጅ ዳነ፣ ጠባሳው ግን እስከ ክርኑ አለ። እናቴ ምስርና ሽሮ እያዘጋጀች ጉልት ላይ መቸርቸር ጀመረች። መድኃኒቱም አንዳንድ ወር እየተገኘ፣ አንዳንድ ወር እየታጣ ዘለቅን። ከሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነበር። እናቴ አባቴን ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ፊቱን ግን አታየውም። ማንኪያውን ወደ አፉ ስታደርስ እንኳ ዓይኗ ጉልበቱ ላይ ነው። እሱ በግራ እጁ አንጓዋን ሊይዝ ይሞክራል፤ እሷ ሳህኑን ይዛ ትነሳለች። ሌሊት ምን እንደሚባባሉ አላውቅም። ደግሞስ በምን ቃል ይባባላሉ?

ክረምቱ ሲወጣ ሚኒባሱን ለብረት የሚገዙ ሰዎች ከደሴ በጭነት መኪና መጡ። አባቴ በዚያን ጊዜ በከዘራ ጥቂት እርምጃ መራመድ ጀምሯል። ሲጭኑት ማየት ይፈልግ ይሆናል ብዬ ወንበር በረንዳው ላይ አወጣሁለት። አልተቀመጠም። እግሩን እየጎተተ ግድግዳውን ይዞ በጓሮ ዞረ። ተከተልኩት። በዕድሜው ረግጦት ወደማያውቀው ማዕድ ቤት ነበር የሚሄደው።

እናቴ ውስጥ ምስር እየለቀመች ነበር። ስታየው ደንግጣ ወንበር ልታመጣለት ተነሳች። የቀሚሷን ጫፍ በግራ እጁ ያዘና ወደ ታች ሳበ። ተቀመጠች። እሱም በግድግዳው እየተንሸራተተ መሬት ላይ፣ ከጎኗ ወረደ። ውጪ ሰዎቹ «ያዝ! ልቀቅ!» እየተባባሉ፣ ሰንሰለት እየተንኳኳ፣ ብረቱ ሲጎተት እየጮኸ ነበር። እናቴ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። ሰፌዱ ከጭኗ ሊወድቅ ሲል አባቴ ተቀበለውና ጭኑ ላይ አኖረው።

ከዚያ በዚያ ገና በቅጡ በማይታዘዝለት ጣቱ ምስሩን መልቀም ጀመረ። የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ዳገቱን ወጣ፤ ድምፁ እየራቀ ሄዶ አስፋልቱ ጋ ጠፋ። እሱ አጎንብሶ ይለቅማል። ጠጠሩን እየተወ ደህናውን ምስር ነበር የሚጥለው። እናቴ እጇን ከጆሮዋ አወረደች። ቀና ብላ ፊቱን አየችው፤ ብዙ ቆይታ አየችው። አላረመችውም።