የሽሮ ሜዳው ክፍል

በደርግ ዘመን ለሥዕል ማሳያ የምትሆን አንዲት ክፍል ፍለጋ ከባልንጀራዬ ጋር ጉለሌን አካለልናት። ሁለታችንም ሠዓሊዎች ነን። የእኔ ሥዕሎች እናቴ አልጋ ሥር ሻግተዋል፤ የእሱን ቆጥ ላይ አይጥ ይበላቸዋል። ዊንጌት አካባቢ ያየነው ቤት ተማሪው ሁሉ ጎራ የሚልበት መንገድ ዳር ነበር፤ ግን የከሰዓቷ ፀሐይ ግድግዳውን ትጠብሰዋለች። ወደ እንጦጦ መውጫ ያገኘነው ደግሞ መስኮት የሚባል ነገር አልነበረውም።

በመጨረሻ ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ የሸማኔዎች ማኅበር ገብተው የለቀቁት ክፍል ተገኘ። ሸማኔ ያለ ብርሃን አይሠራምና በሰሜን በኩል ሰፊ መስኮት አስወጥተውለታል። ቀኑን ሙሉ የማይለዋወጥ፣ ለሥዕል የተመቸ ብርሃን። ልቤ እዚያው ቀረ።

ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ ማመልከቻ አስገባን፤ "ይታያል" ተባልን። ሽማግሌው፣ "ልጆቼ፣ ወረቀቱ እጃችሁ ሳይገባ አንድ ምስማር እንዳትመቱ" ብለውን ነበር። እኛ ግን ሠዓሊዎች አይደለን? ሰው የሚያምነው ሲያይ ነው ብለን ድርቅ አልን። ቁልፉን ለምነን ተቀበልናቸው። እግራቸውን ሰደው የሚሸምኑበትን ጉድጓድ በአፈር ሞላን፣ ግድግዳውን ሁለቴ ኖራ ቀባን፣ ስምንት ሥዕል ሰቀልን። ከዚያ የቀበሌውን ሊቀመንበር ጠራን።

ሰውየው ሥዕሎቹን ዞር ብሎ አላያቸውም። የክፍሉን ስፋት በእርምጃ ለካና፣ "ጓዶች፣ ለውይይት ክበብ እንዲህ ያለ ቤት ስንፈልግ ነበር" አለ።

"ማመልከቻችንስ?" አልኩት።

"ጥበብ የሰፊው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ደግሞ መቀመጫ ይፈልጋል።"

ያን ጊዜ ከሊቀመንበር ጋር መከራከር ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ አልነበረም።

በሳምንቱ ሥዕሎቻችንን አውርደን ወጣን፤ አግዳሚ ወንበር ተደረደረበት። ክበቡ ሲመረቅ ሊቀመንበሩ ሁለታችንንም ከፊት አቆመንና "ቤቱን በራሳቸው ተነሳሽነት አድሰው ለቀበሌያችን ያበረከቱ ጓዶች" ብሎ የምስጋና ወረቀት አወጣ። መቀማቱ አልበቃው ብሎ ሰጪ አደረገን። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ሕዝቡ አጨበጨበ። ባልንጀራዬ እጁን ከኪሱ አላወጣም። እኔ ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ ጎንበስ ብዬም "አመሰግናለሁ፣ ጓድ" አልኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ባልንጀራዬ ከእኔ ጋር ቤት ፍለጋ አልወጣም።