ባዶውን የተመለሰው ዶማ

ይህን የደምበጫ ዳር ሰፈር መጀመሪያ ካቀኑት ሰዎች የቀሩት አክስቴ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ባለፈው ሰሞን አረፉ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ እንደ እሳቸው ያለ ገበያ አዋቂ ግን አላየሁም። ዶማም ሆነ ወንፊት ለጠየቃቸው ሁሉ ያውሱና «ባዶውን እንዳትመልሰው!» ይሉ ነበር። ከዕቃው ጋር የሚመልሰው እህል ያጣ ሰው የአበባ ችግኝ ያመጣ ነበር። ግቢያቸውን የሞላው ጽጌረዳና አሪቲ ሁሉ የውሰት ምላሽ ነበር።

የጣሊያን ወታደር ጠመንጃ ፍለጋ ገብቶ መጥረቢያቸውን ሲወስድ፣ ደጃፍ ቆመው «አንተ፣ ባዶውን እንዳትመልሰው!» አሉት።

አብሮት የገባው አስተርጓሚ ፈርቶ፣ «እየመረቁህ ነው» አለው። ወታደሩ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳ።

«ምን ብለህ ነው እንዲህ ጨዋ ያደረግኸው?» አሉ አክስቴ።

መጥረቢያው አልተመለሰም። ወታደሮቹ ግን ተመለሱ፤ ባዶ እጃቸውንም አልመጡም፣ እሳት ይዘው ነበር። ሰፈሩን በሙሉ አቃጠሉት።

አክስቴ በሠራሁላቸው ዳስ ውስጥ ብርድ መቷቸው ሞቱ። ከቤታቸው የተረፈው የዶማው ብረት ነበርና እጀታ አስገብቼ መቃብራቸውን ቆፈርኩበት። ከቀብር ስመለስ አንድ የአሪቲ ቀንበጥ ፈለግሁ፤ በየግቢው አመድ ብቻ ነበር። ዶማውን በራቸው በነበረበት ቦታ ባዶውን አስቀመጥኩት። ቆሜ ጠበቅሁ፤ የሚቆጣኝ አልነበረም።