የጎሮዋ ፈታይ

ሀቢባ ቦሌ ሚካኤል በነበራት ጠባብ ሱቅ ነጠላና የአንገት ልብስ ትሸጥ ነበር። ንግዱን ያስተማረቻት እናቷ ናት። ዕቃ የምታመጪበትን ለማንም አትናገሪ የምትለውንም ምክር የወረሰችው ከእሷ ነው። ባሏ እንኳን ቢጠይቃት መልሷ «ከገበያ» ነበር።

የአንገት ልብሷን ከሌላው የሚለየው ፈትሉ ነው። ጎሮ የምትኖረው አሰፋሽ ጥጡን በእንዝርት እንደ ፀጉር አቅጥና ትፈትልላታለች። ባሏ ስለሞተ ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ነው፤ ከሀቢባ በቀር ገዢ አልነበራትም።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም. አንዲት የውጭ አገር ልብስ ነጋዴ እዝራ ከሚባል አስተርጓሚ ጋር ሱቁ መጣች። የአንገት ልብሱን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው፤ ጉንጯ ላይ አድርጋም ሞከረችው። ብዙ ማዘዝ ፈለገች።

«እትዬ ሀቢባ፣ አንድ ነገር ትጠይቃለች» አለ እዝራ። «እነሱ ልብሱ ላይ ካርድ ያንጠለጥላሉ። ጥጡ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደፈተለው ይጻፍበታል። ያን ሳታውቅ አታዝም።»

የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ሙዘሚል ሻዩን ይዞ ደጃፏ ላይ ተቀምጧል። እሱም የአንገት ልብስ ነጋዴ ነው። ሀቢባ በዓይኗ ጠርዝ አየችው።

«ከገበያ ነው» አለች።

«ከየትኛው ገበያ?»

«ከገበያ ነዋ፣ ልጄ።»

«ከሰማይ ይወርድላታል በላት» አለ ሙዘሚል እየሳቀ።

ሴትየዋ ለራሷ ሁለት ገዝታ ሄደች። ሀቢባ ሆቴሏ ድረስ ሄዳ ለብቻዋ ልትነግራት አሰበች። እዝራስ ለማን ያወራ ይሆን ብላ ተወችው።

አሰፋሽ የውጭ ገዢ መምጣቷን ሰምታ ትእዛዙን ስትጠብቅ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ፈትልሽን ወደውታል» አለቻት ሀቢባ። እውነቷን ነበር።

ክረምት ገባ፣ ገዢ ጠፋ፤ ሀቢባም ፈትል መቀበል አቆመች። አሰፋሽም አያት ሰፈር በሚሠራ ቤት ሲሚንቶ ማቡካት ጀመረች።

በዓመቱ እዝራ ብቻውን ተመለሰ። ሴትየዋ ያንን ፈትል አልረሳችውም፤ አሁንም የፈታይዋን ስም ትጠይቃለች። ሀቢባ እንደልማዷ ወደ ደጁ ተመለከተች።

«አሰፋሽን ነው እስካሁን የምትደብቂው?» አለ ሙዘሚል። «የጎሮዋን?»

«ታውቃታለህ?»

«የእሷን ፈትል የማያውቅ ነጋዴ አለ?»

«ታዲያ ለምን ሄደህ ከእሷ አልገዛህም?»

ሙዘሚል ግራ ገባው። «ያንቺ ፈታይ አይደለች እንዴ?»

ሀቢባ ሱቋን ቆልፋ እዝራን ይዛው ጎሮ ሄደች። የአሰፋሽን ስም፣ ጥጡ ከየት እንደሚመጣ፣ ሁሉንም መንገድ ላይ ነገረችው።

አሰፋሽ ከሥራ መመለሷ ነበር። እጇን ታጥባ እንዝርቷን አወጣች። ጣቶቿን ሲሚንቶ ሰነጣጥቋቸዋል። ጥጡ ስንጥቁ ላይ እየተያዘ ክሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል። ሦስቴ ሞክራ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ቅቤ እየቀባሽ ብትሰነብቺ ይለሰልሳል» አለች ሀቢባ።

«ነገም ሲሚንቶ አለብኝ እኮ፣ ሀቢባ» አለች አሰፋሽ። «ያኔ ወደውታል ብለሽኝ አልነበር?»

ሀቢባ የተበጠሰውን ክር ከመሬት ለቀመች።

አሁን ማንም ሲጠይቃት ፈትሉ ከየት እንደመጣ ሳትደብቅ ትናገራለች። የምትጠራው ስም ግን የሌላ ፈታይ እንጂ የአሰፋሽ አይደለም።