ዶሮ የሌለው ዶሮ ወጥ

ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል ለልደቷ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ፦ ዶሮ ወጥ እንዲሠራላትና ከጎረቤታችን ልጅ ጋር በአንድ ትሪ እንድትበላ። ለሌላ ሰው ቢነገር ምን አለበት ይባላል። እኔ ግን የያዝኩትን ሽንኩርት አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

የምንኖረው መርካቶ፣ ከተክለ ሃይማኖት ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ቧንቧ ለሁሉም በምትዳረስበት ግቢ ውስጥ ነበር። እኛ ከጎጃም የመጣን ክርስቲያኖች ነን፤ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች። ከሴትዮዋ ጋር ጨው እንበዳደራለን፣ ልጅ እንጠባበቃለን፣ አንዳችን ስንታመም ሌላዋ ውሃ ትቀዳለች። የምንለያየው ሥጋ ላይ ብቻ ነው። እነሱ እኛ ያረድነውን አይበሉም፣ እኛም እነሱ ያረዱትን አንበላም። ትልልቆቹ ስንኖርበት ያደግን ነገር ስለሆነ አይከብደንም። መከራው ለልጅ ማስረዳቱ ነው።

በዚያው ዓመት ፋሲካ የጎረቤቴ ልጅ እኛ ቤት ስትጫወት ምሳ ደረሰ። አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ እህት እንደ ደንቡ ለእሷ ለብቻዋ ዳቦና ሻይ አቀረቡላት። አክብረው ነው እንጂ ክፋት አልነበረባቸውም። ልጅቱ ሳህኗን አየች፣ ልጄና ሌሎቹ የከበቡትን ትሪ አየች፣ ዳቦውን ሳትነካ ተነስታ ወደ ቤቷ ሄደች። ልጄ ስታለቅስ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ደጅ ላይ ይጫወታሉ እንጂ ልጅቱ የእኛን ቤት ደፍ አልረገጠችም። ልደቱ ይህን ካላስተካከለ ምንም እንደማያስተካክለው ይሰማኝ ነበር።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አሉኝ የባለቤቴ እህት። «አንድ ዶሮ ከነነፍሱ ላኪላቸው፣ እዚያው አርደው ይሥሩላት። ሁለት ድስት፣ ሁለት ትሪ። ሰው ሲኖር የኖረው እንዲህ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ልጄ ግን ሰምታ ኖሮ፣ «ሁለት ትሪ ከሆነ ልደት አልፈልግም!» ብላ አልጋ ሥር ገባች። እልኸኛ ናት። ከማን እንደወረሰችው ባለቤቴን ብትጠይቁት ሳያቅማማ ይነግራችኋል።

ሌላ ምግብ ማሰብ ጀመርኩ። ስኳር በቀበሌ በራሽን የሚታደልበት ዘመን ስለነበረ ኬክን ተዉት፤ ለሻይ እንኳ እየሰሰትን ነው የምንጨምረው። ሽሮ ደግሞ በየቀኑ የምትበላውን ለልደቷ ባቀርብላት ከአልጋው ሥር የምትወጣም አይመስለኝም። ብስኩትና ቆሎ አሰብኩ፤ እሱ ለእንግዳ ልጆች ይሆናል እንጂ እሷ የጠየቀችው አይደለም። በመጨረሻ ሰልችቶኝ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ «ለመሆኑ ከዶሮው ምኑን ነው የምትወጂው?» አልኳት።

«እንቁላሉን።»

«ሥጋውንስ?»

«ሥጋውን ለአባዬ ነው የምሰጠው።»

እግሯን ጎትቼ አወጣኋትና አገላብጬ ሳምኳት። እንቁላል ማን ያርደዋል!

የባለቤቴ እህት ሐሳቤን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ዶሮ የሌለው ዶሮ ወጥ! ሰው ምን ይላል? ለልጃቸው ዶሮ ሰሰቱ አይልም?»

«ይበል፣ እትዬ» አልኳቸው። «ያለ ሰው መጥቶ ሽንኩርቱን ይክተፍልኝ።»

በማግሥቱ ዘወትር ዶሮ የምሠራበትን ድስት ከመደርደሪያ ሳወርድ እጄ ላይ ከበደኝ። ስንት በዓል ያለፈበት ድስት ነው። የዚያን ሁሉ ዶሮ ሽታ ይዞ እያለ እንቁላል ብቻ ነው ብዬ ለጎረቤቴ ልጅ ባቀርብ፣ እናቷ ባታውቅ እንኳ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ከበርበሬ በረንዳ ኮረሪማዬን ገዝቼ ስመለስ ሸክላ ወደሚሸጡት ጎራ አልኩ። አንዱን በጣቴ አንኳኳሁ፣ ሌላውን ገለበጥኩ፣ ሦስተኛውን ለፀሐይ አነሳሁ።

ሻጩ ታክቶት፣ «ኧረ እትዬ፣ ድስት ነው የሚገዙት ወይስ አማች እየመረጡ ነው?» አለኝ።

«አማች ቢሆንማ ይሄን ያህል አልጠነቀቅም ነበር» አልኩና አንዱን ይዤ ሄድኩ። ማማሰያም አዲስ ጨመርኩበት።

ልደቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቁሌቱ ሽንኩርቱ እስኪጠፋ ተቁላልቶ፣ እንቁላሎቹ በቢላ ጫር ጫር ተደርገው ገብተውበታል። የግቢው ልጆች ትሪውን ከበቡ። ጎረቤቴም የልጇን ትከሻ ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«አብልቻት ነው ያመጣኋት» አለችኝ በለሆሳስ። «አብሽሪ፣ እንዳትቸገሪብኝ ብዬ ነው።»

ደግነቷ ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም እጇን ይዤ እየጎተትኩ ማድ ቤት አስገባኋትና ድስቱን አሳየኋት። «ይኼ ድስት ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ትናንት ነው ገዝቼ ያሟሸሁት። ውስጡ ያለው እንቁላል ብቻ ነው።»

ጎንበስ ብላ አየችው። ከሥሩ በቀር ጥላሸት አልነካውም፤ ገና ቀይ ነው።

«ማማሰያውስ?» አለችኝ።

«እሱም አዲስ ነው።»

ሳቋ አመለጣት። «ወላሂ፣ አንቺ ሴትዮ እብድ ነሽ!» አለችና ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። እኔም አለቀስኩ፤ ሽንኩርቱን የከተፍኩት ጠዋት ስለነበረ በእሱ አላመካኝም። ከዚያ ወጥታ ልጇን፣ «ሂጂ፣ አብረሻቸው ብይ» አለቻት።

ልጅቱ እናቷን ደግማ አይታ ከትሪው ቀረበች። ልጄ ትልቁን እንቁላል መርጣ ፊቷ አስቀመጠችላት። በልታ የመጣች ልጅ ያን ጨርሳ ሌላ ጠየቀች። የባለቤቴ እህት ጥግ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና ተነስተው እንጀራ ጨመሩላቸው።

ድስቱን አጥቤ ለብቻው ሰቀልኩት። ለገና ቸኩዬ ለዶሮ ላወርደው ስል የባለቤቴ እህት ከእጄ ወሰዱት። «የልጆቹ ነው» አሉኝና መልሰው ሰቀሉት።

ክረምት ሊገባ ሲል ጎረቤቴ ደጃፌ ላይ መጣች። ልጇ በተራዋ ልደት ካልተከበረልኝ ብላ አስጨንቃታለች፤ ድስቱን ልትዋስ ነው። እኔ ገና ስነሳ የባለቤቴ እህት ማድ ቤት ገብተው በነጠላቸው እየወለወሉ ይዘውላት ወጡ። ተቀብላ፣ አመስግና፣ ግቢውን ግማሽ እንደሄደች ከኋላዋ ጠሯት።

«ነይ እንጂ፣ ማማሰያውን ረሳሽው!»