ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፅ

አሥራ ስድስት ዓመት የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ የኖረችው ሴት ቅዳሜ ከሰዓት የድርሰት ትምህርት ስትጀምር፣ የሥራ ባልደረቦቿ «ደራሲዋ» የሚል ስም አወጡላት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። በኋላ ግን እሷም «አቤት» ማለት ጀመረች።

ትምህርቱ የሚሰጠው በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አስተማሪዋ ጡረታ የወጣች፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ሴት ናት።

«ፈራሁ፣ ደነገጥሁ ብላችሁ እንዳታመጡልኝ» አለቻቸው። «እጃችሁ ምን ነካ? አፍንጫችሁ ምን አሸተተ? እሱን ጻፉ፤ መፍራቱን ለአንባቢው ተዉለት። በደንብ የምታውቁትን አንድ ክፍል ምረጡና በየቀኑ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ያገኛችሁትን መዝግቡ።»

ደራሲዋ የምታውቀው ክፍል አንድ ነው፤ በሆቴሉ ምድር ቤት ያለው የልብስ እጥበት ክፍል። ታናሽ እህቷም እዚያው ማሽኖቹ ላይ ትሠራለች።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ዐይኗን ጨፈነች። ትኩስ ጥጥና በረኪና ሸተታት። ከግድግዳው ወዲያ ውኃ የሚያፈላው ቦይለር እንደ ጠገበ ሽማግሌ ረጋ ብሎ ያንኮራፋል። ጻፈችው። ማክሰኞም ያው ነበር። ረቡዕ ግድግዳው ጀርባዋን አሞቃት። «ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር» ብላ ጻፈች፤ ደስም አላት። ሐሙስ አፏ ውስጥ ሳንቲም የላሰች ያህል ጣዕም ነበረ። ዓርብ ማንኮራፋቱ መሀል ላይ ተቋረጠ። ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ትልቅ ነገር እንደ መዋጥ ያለ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎም የተቃጠለ ቀለም ሸተተ።

ቅዳሜ ስታነብ ክፍሉ አጨበጨበላት። ያላጨበጨበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ቦይለር ሲጠብቅ የኖረ ሽማግሌ። በር ላይ ጠበቃት።

«ልጄ፣ ግድግዳው የምር ሞቆሻል ወይስ ለማሳመር ነው?»

«የምር ነው አባባ።»

«የቀለሙስ ሽታ?»

«እሱም።»

ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውኃው አንሶበታል፤ እሳቱ ባዶ ብረት እየላሰ ነው። ንገሪያቸው። ካልሰሙሽ አንቺም ባልደረቦችሽም እዚያ እንዳትገቡ።»

እሑድ ለሆቴሉ ስልክ ደወለች፤ «ሰኞ ስትመጪ» አሏት። ሰኞ ጠዋት ደብተሯን ይዛ የፈረቃ ኃላፊው ዘንድ ገባች። ግማሽ ገጽ አንብቦ ሳቀ።

«ተሰጥኦ አለሽ እኮ! አሁን ግን አንሶላው ይጠብቅሻል።»

«ቦይለሩን ብቻ ያስመርምሩልኝ።»

«የቦይለሩ ጠባቂ እዚያው አይደለም እንዴ? እሱ ምንም አላለም።»

ጠባቂው ከሃያ ዓመት ጩኸት በኋላ ጆሮው ደክሟል። ሄዳ ጮኻ ነገረችው። ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ «አትስጊ» አላት። ዐይኖቹ ግን እሷ ላይ አልነበሩም።

እጥበት ክፍሉ ውስጥ ወዳሉት ሴቶች ስትመለስ እህቷ ተቆጣቻት። «እትዬ፣ በፈጠረሽ! ድርሰትሽ ከሥራ እንዳያስወጣን።»

ክርክር ጊዜ እንደሚፈጅ ገባት። «ዐይናችሁን ጨፍኑ» አለቻቸው። «አንዴ ብቻ። መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ አድርጉ።»

አንዷ እየሳቀች አደረገችው፤ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ሌላዋ እሳት እንደ ነካት እጇን መነጨቀች። እህቷ ግን ቆየች። ያ የመዋጥ ድምፅ ሲመጣ ዐይኗን ገለጠች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እንውጣ» አለች።

ዘጠኙም ሴቶች እርጥቡን ልብስ ማሽን ውስጥ ትተው በጓሮ ደረጃ ወጡ። ደራሲዋ ሲያልፉ የቦይለሩን ክፍል በር በቡጢ ደበደበች። ጠባቂው በትንሿ መስኮት አያት፤ በእጁ «ሂጂ፣ እመጣለሁ» አላት። ግቢው ውስጥ ኃላፊው ደርሶባቸው ሲጮህ፣ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ዘለለ። የምድር ቤቱ መስኮቶች በአንዴ ረገፉ፤ ነጭ እንፋሎትና አቧራ ወጣ። ለብዙ ደቂቃ ማንም የማንንም ድምፅ አልሰማም።

ጠባቂው አልወጣም።

መርማሪዎቹ ደብተሯን ወሰዱ። አንደኛው በትሕትና ጠየቃት፦ «ረቡዕ ግድግዳው ሞቋል ብለሻል። ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም?»

«ረቡዕ» አለች። «ረቡዕ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር የመሰለኝ።»

ከወር በኋላ የጠባቂው ሚስት ደራሲዋ ቤት መጣች። «ስለ ክፍሉ ብዙ ጽፈሻል አሉኝ። ስለ እሱስ?»

ደራሲዋ ስለ ሰውየው አንድ መስመር አልጻፈችም ነበር።

«እንግዲያው አሁን ጻፊ» አለች ሚስትየዋ፣ ሳትቀመጥ። «ቦይለሩ መበላሸቱን ለኃላፊዎቹ ሦስት ጊዜ ነግሯቸዋል። ‹አርፈህ ሥራህን ሥራ፣ አለዚያ በምትክህ ሞልቷል› አሉት። ሁለት ልጆች አሉን። ዝም አለ።»

ደራሲዋ ያለ አንዳች ማሳመሪያ፣ ቃል በቃል ጻፈችው። በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ወረቀቱን ይዘው መርማሪዎቹ ዘንድ ሄዱ። ኃላፊው ከሥራ ታገደ፤ ጉዳዩ ግን አልተቋጨም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ማንነቱን የማይናገር ሰው ይደውልላታል፤ ጥቂት ይተነፍስና ስልኩን ይዘጋዋል።