የደሞዜ መዶሻ

ደብረ ታቦር መናኸሪያ ጀርባ፣ በሻይ ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መካከል፣ አንዲት የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷ ደሞዜ ይባላል። ማመልከቻ ይጽፋል፣ የሙት ዓመት ጥሪ ያባዛል፣ መታወቂያ በላስቲክ ያሽጋል፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ካፒታሊዝምን ይገረስሳል። ከሁለቱ ሥራዎች እንጀራ የሚያበላው የመጀመሪያው ነው። ሃምሳን ከተሻገረ ቆይቷል፤ ዛሬም ግን አንድ ሰው "ተራማጁ ወጣት" ሲል ከሰማ እሱን የጠሩት መስሎት ዘወር ይላል።

ትውልዱ ጉና ሥር ነው። ለትምህርት ወደ ከተማ የወረደ ጊዜ፣ በተከራያት ቤት ኮርኒስ ውስጥ አንድ ሰው ፈርቶ የደበቀው የትግል በራሪ ወረቀት በማዳበሪያ ሙሉ አገኘ። ሌላ ልጅ ቢሆን እሳት ይለኩስበት ነበር። ደሞዜ አነበበው። ጉዳቱ እስከ ዛሬ አልጠገገም። ከዚያ ወዲህ ያስቀየመውን ሁሉ "ንዑስ ከበርቴ" ይላል። ሚስቱ በለጠች ወጥ ላይ ጨው ስታበዛ "ግራ ዘመም ስሕተት" ሲላት ኖሯል፤ እሷም የቀኙን ስሕተት መቅመስ ካማረው ነገ ያለ ጨው እንደምታቀርብለት ስትነግረው ኖራለች።

ደሞዜ በዕድሜው ተመርጦ አያውቅም። ለእድር ዳኝነት ተወዳድሮ ወደቀ። ለእድሩ ድንኳን ያዥነት ተወዳድሮ፣ ሌላ ተወዳዳሪ ሳይኖር፣ ወደቀ። ሰው ጠልቶት አይደለም። ድንኳን ያዝልን ሲሉት ድንኳኑ የየትኛውን መደብ ጥቅም እንደሚያስከብር ሳያብራራ አይቀበልማ፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ይህን ሁሉ ቆሞ አይሰማም። ስለዚህ አንድ ምኞት ሆዱ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ቀረ። ሳይሞት አንዴ፣ የተወለደበት የጉና ሰው "ደሞዜ ይሁንልን" ሲል መስማት።

ፓርቲው የሠርቶ አደሮች ኅብረት ይባላል። የደብረ ታቦር ቅርንጫፉ ለባጃጅ የሚበዛ፣ ለሚኒባስ የሚያንስ ሕዝብ ነው። አብዛኞቹ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሲያወሩ ጭቁኑ ሕዝብ ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳቸው ይመስላል። እጁ ጥላሸት የነካ አባል አንድ ብቻ አላቸው። ዓለምነው ይባላል፣ የደሞዜ እኩያ ነው፣ ከከተማው ዳር ወናፉን ተክሎ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጥ ቀጥቃጭ። ዓለምነው አባል የሆነ ዕለት እንደ ሙሽራ ከበው ነው ያስገቡት። ከዚያም በየስብሰባው ከፊት ያስቀምጡታል፤ እሱም ከፊት ተቀምጦ ያንቀላፋል። አንዴ የሚያንኮራፋውን ሰምተው "የሠራተኛው መደብ ገና አልነቃም" ሲሉ በቃለ ጉባኤ አስፍረዋል።

ባለፈው ምርጫ ሰሞን ፓርቲው የምርጫ ምልክት ይዞ መቅረብ ነበረበት። ገበሬው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ፊደሉን ሳይሆን ሥዕሉን አይቶ ነውና፣ ሌላው ፓርቲ ሁሉ ወደ ዛፉ፣ ወደ ፋኖሱ፣ ወደ በሬው ተሻማ። አዲስ አበባ ያለው ማዕከላዊ ኮሚቴ ግን ሲወያይ ሰንብቶ መዶሻ መረጠ። የሥራ ክብር፣ የሠርቶ አደር ክንድ፣ ወዘተ። የደብረ ታቦር ቅርንጫፍ በጭብጨባ ተቀበለው። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው ደሞዜ ነበር፤ ለጉና ዕጩ የሆነውም እሱው ነው።

እዚህ ላይ የጉና ልጅ የሆነ ሰው መንቃት ነበረበት። ደሞዜ በልጅነቱ ቀጥቃጭ በደጅ ባለፈ ቁጥር እናቱ የልጇን ወተት በነጠላዋ ስትከልል አድጓል። በዚያ አገር መዶሻ የያዘ ሰው ዓይኑ ይፈራል። ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይሉታል። ማረሻውን ይገዙታል እንጂ አብረውት አይበሉም። ደሞዜ ይህን ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን በበራሪ ወረቀት ያደገ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ያወገዘው ነገር ሁሉ የጠፋ ይመስለዋል።

ጉና ሥር ባለችው ከተማ፣ በክምር ድንጋይ ገበያ ላይ ፖስተሩን ለጠፉ። የደሞዜ ፎቶ አለ፣ ከፎቶው ጎን የደሞዜን ራስ የሚያህል መዶሻ አለ። ሰዉ ቆም ይልና መዶሻውን ያያል፣ ደሞዜን ያያል፣ ልጁን ይዞ ፈንጠር ይላል። አንዲት ቅቤ ሻጭ ቅሏን በነጠላዋ ሸፈነች። እናቱን የምታውቅ ሌላ ሴት ብብቷ ውስጥ እንትፍ እንትፍ ብላ፣ እንኳን እናትህ ይህን ሳታይ ሞተች ብላው አለፈች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ጉናን አዳረሰ። የአያ ሙላቴ የእህታቸው ልጅ ደሞዜ ከተማ ገብቶ ቀጥቃጭ ሆነ ተባለ።

በማግሥቱ ቅርንጫፉ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ምልክት የመቀየሪያው ጊዜ አልፏል። ሁሉም ጣራ ጣራ ሲያይ፣ ከአዲስ አበባ መጥታ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ሰላማዊት ተናገረች። ሰላማዊት ከአባላቱ ሁሉ ወጣቷ ናት፤ ምርጫ የሚደረገው ለማሸነፍ ነው የሚል እንግዳ እምነት ይዛ ወደ ፓርቲው የገባች ናት።

"ጋሽ ደሞዜ፣ የእመቤታችን ጠባቂ ዮሴፍ ሥራው ምን ነበር?"

"አናጺ።"

"አለቀ። መዶሻው የሱ ነው።"

ደሞዜ እንደ ጋለ ብረት ተንጣጣ። ይህ አድርባይነት ነው አለ። በሕዝብ እምነት መነገድ ነው አለ። ደግሞስ አንቺ ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂው ሠርግ ሲጠሩሽ አይደለም ወይ አለ። ሰላማዊት መርሁን ታቅፎ ከምርጫ የሚቀር ፓርቲ የጽዋ ማኅበር ነው፣ የጽዋ ማኅበር እንኳ ጠላ አለው ብላ መለሰችለት። መጀመሪያ ወንበሩ ይያዝ፤ ቀጥቃጩም ሸማኔውም ከወንበሩ ላይ ሆኖ ነጻ ይወጣል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ስትልም፣ ደሞዜ ተረቱ የተተረተው ለሌባ ሹም መሆኑን አስታወሳት። የሚቆጨው ግን እውነት ነው አለች።

ዓለምነው በዚያ ቀን ነቅቶ ነበር። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየቱን ጠየቁት። እሱ ምንም እንደማይቸግረው ተናገረ። አናጺ በሉኝ ካላችሁም እንጨት መላግ እለማመዳለሁ፤ ካልሆነም እንደሚሉት ሌሊት ሌሊት ጅብ ሆኜ እቀሰቅሳለሁ፣ በአንድ ሌሊት ስንት ቀበሌ አዳርሳለሁ አለ። ሰላማዊት ሳቀች። ደሞዜ አልሳቀም። ድምፅ ሲሰጥ አናጺው አለፈ፤ ደሞዜ ድምፀ ተዐቅቦ አደረገ። ድምፀ ተዐቅቦ ማለት ኃጢአቱ እንዲሠራለት ፈልጎ ንስሐውን ለራሱ የሚያስቀር ሰው አቋም ነው።

ሠራለትም። በሚቀጥለው ገበያ፣ በቅስቀሳው ወሬ፣ ጸራቢው ዮሴፍ መዶሻውን ይዞ ክምር ድንጋይ ገባ። ሰዉ ወደ ፖስተሩ ተጠጋ። ቅቤ ሻጯ ቅሏን ገለጠች። አንዲት አሮጊት ጭራሽ ፖስተሩን ተሳለሙት፤ የተሳለሙት መዶሻውን ይሁን ደሞዜን ባይታወቅም ደሞዜ ያን ዕለት ከደስታ ብዛት እራት አልበላም። በለጠች ሕዝባዊነቱን ፊቱ ላይ አይታ፣ ጢሙን ትንሽ ቢያስረዝመው ራሱ ዮሴፍን እንደሚመስል ነገረችው።

ብዙም ሳይቆይ አጎቱ አያ ሙላቴ ላኩበት። ለግንቦት ማርያም ዝክር ደብሩ በሙሉ እሳቸው ቤት ይውላል። ና፣ መዶሻው የማን እንደሆነ በራስህ አፍ ተናገር፣ ከዚያ ወዲያ ያገሩ ድምፅ ያንተ ነው የሚል ነበር መልእክቱ። አያ ሙላቴ በዚያ አገር አንድ ነገር ካሉ ያልተባለ ነገር የለም። ሰላማዊት ዓለምነው በዚያ ቀን ወደ ጉና ድርሽ እንዳይል በጥብቅ አሳሰበች። ዓለምነው እሺ አለ። ነገር ግን አያ ሙላቴ ራሳቸው ማረሻ አሠርተው ለዚያው ቀን አድርስልኝ ብለውት ነበር። ዝናቡ እየመጣ ነው፣ ማረሻ ደግሞ ምርጫ አይጠብቅም። ስለዚህ ዕጩውና ሊደበቅ የሚገባው ሰው በአንድ አህያ ኋላ ጉናን ተያያዙት።

ዳገቱ ላይ ደሞዜ ራሱን ሲያጽናና ሄደ። ካሸነፍኩ በኋላ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አለ። ዓለምነው አህያውን ቸብ አድርጎ መልካም ነው አለ። ደሞዜ ግን መልካም ነው መባሉ አላረካውም።

"ካሸነፍኩ በኋላስ የሚቀጥለው ምርጫ ይመጣ የለ?"

"ያን ጊዜም አናጺ ነዋ፣ ጓድ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንተም ታምነዋለህ" አለ ዓለምነው፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው።

 

የአያ ሙላቴ ግቢ ጢም ብሏል። ነጭ ጋቢ፣ ጥምጥም፣ የጠላ ጋን። ደሞዜን ስመው ስመው ካጋፈሩት በኋላ ከአጎቱ ጎን አቆሙት። ዓለምነውን ግባም ቅርም ያለው የለም፤ ማረሻዎቹን እግሩ ሥር ደርድሮ አጥሩ አጠገብ ቆመ። አያ ሙላቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ይህ የእህቴ ልጅ ነው፣ ተምሯል፣ ከሱ በላይ የሚያውቅልን የለም አሉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደሞዜ ዙሪያውን አየ። ያ ሁሉ ፊት፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሊመርጠው ይፈልጋል። 

"እስቲ ልጄ" አሉ አያ ሙላቴ፣ "መዶሻው የማን ነው? ራስህ ንገራቸው።"

ደሞዜ አፉን ከፈተ። ዮሴፍ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ዮሴፍ አልወጣ አለ። ዓለምነው ከአጥሩ ሥር ሆኖ ጓዱ መቸገሩን አየ፤ የጠፋው ቃሉ መሰለው። ሊያስታውሰው ፈልጎ እጆቹን አነሣና በባዶ አየር ላይ እንጨት መላግ ጀመረ። ላገ፣ ላገ፣ መላጊያውን እፍ ብሎ አራገፈ፣ የሌለውን ጣውላ በአንድ ዓይኑ አይቶ መቃናቱን አረጋገጠ። ከዚያ ለደሞዜ፣ በል እንጂ ብሎ በአገጩ ጠቆመው።

ደሞዜ ይህን ለማየት አልቻለም። ንዑስ ከበርቴ፣ አድርባይ፣ ከላሽ፤ ሌላውን ሲሰድብበት የኖረው ሁሉ ባንዴ ወደ ራሱ ዞሮ መጣበት።

"የሱ ነው" አለ፣ ጣቱን ወደ አጥሩ ቀስሮ። "የዓለምነው ነው። የቀጥቃጭ መዶሻ ነው። አናጺ ያልናችሁ ውሸት ነው።"

 ዓለምነው እጆቹ አየር ላይ እንዳሉ ቀሩ። አያ ሙላቴ አልተቆጡም፤ ዝናብ ሲጠብቅ በረዶ እንደወረደበት ሰው ነበር የሆኑት።

"እኛ መች አጣነው፣ ልጄ?" አሉ። "በሬ ጠምዶ ያረጀ ሰው የቀጥቃጭ መዶሻ ይጠፋዋል? ቄሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አንተን የምንመርጥበት ሰበብ ነው የፈለግነው፤ አናጺ ብትለን አናጺ ብለን መርጠንህ እንገባ ነበር። አሁን በአደባባይ ነገርኸን። ከነገርኸን ወዲያ እንዴት አድርገን እንምረጥህ?"

"ካወቃችሁ ታዲያ፣ አያ ሙላቴ፣ ምን ቀረ?"

"ማወቅ ሌላ፣ ማወቅህ መታወቁ ሌላ" አሉ ሽማግሌው። አንድም ሰው አልተቃወማቸውም።

የምርጫውን ነገር እዚሁ መጨረስ ይቻላል። ደሞዜ ወደቀ፤ ያውም እንደ ዕጩ ሳይሆን እንደ ዛፍ። ሰላማዊት የውድቀቱን ምክንያት በረዥም ጽሑፍ ተነተነች፣ ደሞዜም ጽሑፉን ራሱ አባዝቶ በረዘመ ጽሑፍ መለሰላት። ማዕከላዊ ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ ተወያይቶ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ክፍሎች ትክክለኛው ፓርቲ እኔ ነኝ ይላሉ፣ ሁለቱም አንድ ሚኒባስ አይሞሉም።

ያን ዕለት ግን ዝክሩ ገና ነበር። ንግግሩ ሲያበቃ ሰዉ ወደ ማዕድ ተነሣ። ደሞዜም እንደ ልማዱ በአጎቱ ጎን ሊቀመጥ ጎንበስ አለ። የአጎቱ ምራት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ በዚህ በኩል ይሁንልዎ ብላ በትሕትና ክንዱን ይዛ አወጣችው። ግቢውን አቋርጣ አጥሩ ሥር፣ ዓለምነው አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። እንግዳ አይራብም፤ የአገሩ ወግ ነው። ከሌላው ማዕድ ተለይቶ አንድ ሰፌድ ተዘረጋላቸው፣ የበግ ወጥ ወጣበት፣ አንድ ማሰሮ ጠላም ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉም ጀርባውን ሰጣቸው።

ደሞዜ ከልደቱ ጀምሮ ያገሩ ሰው ጀርባ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አያውቅም ነበር።  አንድ ነገር መናገር ፈለገ፤ ስለ ቅራኔ፣ ስለ ታሪክ ሂደት፣ ስለማያውቀው ነገር። ዓለምነው አላየውም። ዓለምነው ሰፌዱን እያየ ነበር፣ ቅር ብሎት።

"እስከ ዛሬ" አለ በመጨረሻ፣ "ይቺ ሰፌድ የብቻዬ ነበረች። ጠግቤ ነበር የምሄደው።"

እንጀራውን ቆርሶ፣ የበለጠውን ሥጋ ወደ ራሱ በኩል እየሳበ፣ ሌላውን ወደ ደሞዜ ገፋለት።

"ብላ እንግዲህ፣ ጓድ። ሶሻሊዝም ያልኸኝ ይኼ ከሆነ እኔ ሳላስብበት ነው የገባሁት።"