ለሁለት አንድ ዩኒፎርም

ተገኘች! እንዲህ ያለው ወሬ በእልልታ ነበር የሚነገረው። የምሥራቹ ግን ለሌንሳ አይደለም፤ እሷ በምትኖርበት ልደታ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ድንችና ሽንኩርት ለምትቸረችረው ሴትዮ ነው።

ሌንሳ ስሟን አታውቅም። የምታውቀው ድካሟን ነው። ሚዛኑን ስታነሳ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ከነጠላዋ ሥር ክርኑ ያለቀ የወንድ ሹራብ ትለብሳለች፤ ስታወራ እንኳ ዓይኗን ትጨፍናለች። ፊቷ የሚፈታው ተማሪዎች ሲለቀቁ ብቻ ነው። ያኔ ስለጠፋችባት የልጅነት ጓደኛዋ ስለ ዲንቄ ታነሳለች። ጌጃ ሰፈር ሲያድጉ ለሁለት አንድ ዩኒፎርም ነበራቸው። እሷ በጠዋቱ ፈረቃ፣ ዲንቄ በከሰዓቱ፤ እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ይቀባበላሉ።

“በላቤ እንደሞቀ ነበር የምትለብሰው። ‘ምድጃዬ’ ትለኝ ነበር፣ ይቺ ቀልደኛ!”

ዛሬ ሌንሳ አዲስ የገባችውን ጎረቤቷን ልትጠይቅ ብትሄድ፣ ይህንኑ የዩኒፎርም ታሪክ ከጎረቤቷ አፍ ሰማችው። እየሮጠች ወረደች።

“እትዬ፣ ዲንቄ እኮ እዚህ አራተኛ ፎቅ ናት! ይነሱ እንጂ!”

ሴትዮዋ አፈር የጠጡ ጣቶቿን አየችና ነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻቸው።

“እንዲህ ሆኜ? ተይኝ ልጄ። ያኔ የነበርኩትን ልጅ ታስታውስ፣ ይበቃል።”

“እያለቀሰች እኮ ነው የተውኳት። ምን ልበላት?”

ሴትዮዋ ቀና ብላ ወደ አራተኛው ፎቅ አየች።

“ደረጃውን አልችለውም። መውረድ ከቻለች ግን… ምድጃሽ እዚሁ አለች በያት።”

ሌንሳ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ላይ በረረች።